የሚመዘዘው ክር፦ ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ሲቀዳ ለምን በአርኤንኤ ይጀምራል?

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ገለጻ የተገለበጠ። በንግግሩ ወቅት በሥዕል የታዩት ነገሮች እዚህ በቃል ተብራርተዋል።)



ንግግሬን በአንድ የፈተና ወረቀት እጀምራለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ሞለኪውላዊ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ በማጠቃለያ ፈተናው ላይ «ዲኤንኤ በሚቀዳበት ጊዜ ፕራይመሩ ከዲኤንኤ ሳይሆን ከአርኤንኤ የሚሠራው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። የምጠብቀው መልስ በማስታወሻዬ ላይ የሰፈረው ነበር፤ አርኤንኤ በቀላሉ ተለይቶ ስለሚነሣና በመነሻው ላይ የተፈጠረ ስሕተት አብሮት ስለሚወገድ ነው የሚል። አንዲት ተማሪ ግን፣ ይህ ጥቅሙን ይነግረናል እንጂ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ አይነግረንም፤ ምናልባት አርኤንኤ ከዲኤንኤ ቀድሞ የነበረ ስለሆነ ይሆናል ብላ ጻፈች። ዜሮ ሰጠኋት። ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ «መምህር፣ ስሕተቴ የቱ ላይ እንደሆነ ያሳዩኝ» አለችኝ። እኔም «ማስታወሻው ላይ የለም» ብዬ አሰናበትኋት።

ያ መልሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የዛሬው ንግግሬም በአንድ በኩል ስለ አንዲት ጥቃቅን ኢንዛይም አሠራር የሚያብራራ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለዚያች ተማሪ መስጠት የነበረብኝ፣ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ለመቀጠል እንጂ ለመጀመር ያልተሠራ ኢንዛይም

እ.ኤ.አ. በ1956 አርተር ኮርንበርግና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ኢ. ኮላይ ከተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ዲኤንኤን የሚሠራ ኢንዛይም አገኙ። ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ተባለ። ኮርንበርግም ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1959 የኖቤልን ሽልማት ከሴቬሮ ኦቾኣ ጋር ተካፈለ።

ይህ ኢንዛይም አንድ ግትር ጠባይ አለው። የሚቀዳው አብነት ክር ቢቀርብለት፣ አራቱም ዓይነት ኑክሊዮታይዶች ቢሞሉለት፣ ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ ሥራ አይጀምርም። ምክንያቱ በኬሚስትሪው ውስጥ አለ። በእያንዳንዱ ኑክሊዮታይድ ስኳር ላይ፣ ሦስት ፕራይም በምንለው ቦታ፣ አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን አለ። ፖሊመሬዝ አዲስ የመጣውን ኑክሊዮታይድ በፎስፌቱ በኩል ከዚህ ሃይድሮክሲል ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ አዲሱ ኑክሊዮታይድ የሚንጠለጠልበት፣ ከአብነቱ ጋር ተጣምሮ የተቀመጠ ጫፍ አስቀድሞ መኖር አለበት። ሁለት ልቅ ኑክሊዮታይዶችን አገናኝቶ «አንድ» ብሎ መጀመር አይችልም። ያ አስቀድሞ የሚቀመጥ አጭር ቁራጭ ፕራይመር ይባላል፤ በአማርኛ መነሻ ብንለው አይከፋም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መቀጠል ብቻ የሚችል ሠራተኛ ባለበት ቤት፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን አስቀመጠው?

ፍንጩን የሰጠው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት

አርኤንኤን የሚሠራው ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ ከዚህ ችግር ነጻ ነው። ሁለት ልቅ ኑክሊዮታይዶችን አገናኝቶ ሰንሰለት መጀመር ይችላል። ታዲያ አርኤንኤ ሠሪው ጥቂት ሠርቶ ለዲኤንኤ ሠሪው የሚያስረክብ ቢሆንስ? ይህን ግምት ለመፈተን የኮርንበርግ ቡድን፣ በዚያን ጊዜ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ የተጠቀመበት መሣሪያ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ብዙዎቻችን በስም የምናውቀው መድኃኒት ነው፤ ሪፋምፒሲን። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚወስዱት፣ ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው መድኃኒት ማለቴ ነው። ሪፋምፒሲን የባክቴሪያን አርኤንኤ ፖሊመሬዝ ያግዳል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ዳግላስ ብሩትላግ፣ ራንዲ ሼክማንና ኮርንበርግ ሙከራውን አሳተሙ። ኤም 13 የተባለው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ወደ ባክቴሪያው የሚገባው ባለ አንድ ክር ዲኤንኤ ይዞ ነው፤ ከገባ በኋላ ሁለተኛው ክር መሠራት አለበት። ሪፋምፒሲን ሲጨመር ይህ ሥራ ቆመ።

አስተዋይ አንባቢ ወዲያው ይቃወማል። መድኃኒቱ አርኤንኤን ስለከለከለ ፕሮቲን መሠራት ቆሞ፣ በዚያ ሳቢያ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ጎድሎ ይሆናልና። እነርሱም ይህን አስቀድመው አስበውበት ነበር። ክሎራምፌኒኮል የፕሮቲንን መሠራት ያቆማል፤ እርሱ ሲጨመር ግን የሁለተኛው ክር መሠራት አልቆመም። በተጨማሪም አርኤንኤ ፖሊመሬዙ ሪፋምፒሲንን በሚቋቋም ባክቴሪያ ውስጥ መድኃኒቱ ምንም አላደረገም። ስለዚህ አርኤንኤ ፖሊመሬዙ በቀጥታ ሥራው ውስጥ አለበት ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ዘወትር የምለው ይህንን ነው፦ ሙከራን የሚያስከብረው የተገኘው ውጤት ብቻ አይደለም፤ ተቃዋሚው ሊናገር የሚችለውን ቀድሞ መዝጋቱም ነው።

ነገር ግን ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። ፋይ ኤክስ 174 የተባለ ሌላ ቫይረስ ያንኑ ሥራ ሪፋምፒሲን እያለም ይሠራል። አስቀድሞ የተጀመረ የባክቴሪያው የራሱ ዲኤንኤ ቅጂም በዚህ መድኃኒት አይቆምም። እንግዲያው መድኃኒቱ የማይነካው ሌላ አርኤንኤ ሠሪ አለ ማለት ነው። ዲኤንኤ ጂ የተባለ ዘረ መላቸው የተበላሸባቸውና ሙቀት ሲጨምር ዲኤንኤ መቅዳት የሚያቆሙ ባክቴሪያዎች አስቀድመው ይታወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ከኮርንበርግ ቤተ ሙከራ የወጣው ሥራ የዚህ ዘረ መል ውጤት ራሱ፣ ሪፋምፒሲን የማያግደው አርኤንኤ ሠሪ ኢንዛይም መሆኑን አሳየ። ኋላ ፕራይሜዝ ተባለ።

የኦካዛኪ ቁርጥራጮች

ፕራይሜዝ ምን ያህል ሥራ እንደሚበዛበት ለመረዳት ወደ ጃፓን፣ ወደ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ መሻገር አለብን። የዲኤንኤ ሁለት ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸው፤ ፖሊመሬዝ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል። ሁለቱ ክሮች እየተፈቱ በሚሄዱበት ሹካ ላይ፣ አንደኛው አዲስ ክር የሹካውን ጉዞ ተከትሎ ሳይቋረጥ ይሠራል፤ ቀዳሚ ክር እንበለው። ሌላው፣ ተከታይ ክር የምንለው፣ ወደ ኋላ እየዞረ በቁርጥራጭ መሠራት አለበት። ይህንን ሬይጂ ኦካዛኪና ባለቤቱ ጹኔኮ ኦካዛኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 በሙከራ አሳዩ። ሬይጂ የሂሮሺማ ተወላጅ ነበር፤ በልጅነቱ የአቶሚክ ቦምቡ ጨረር አግኝቶት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1975 በ44 ዓመቱ በደም ካንሰር ዐረፈ። ጹኔኮ ምርምሩን ቀጠለች። ከቁርጥራጮቹ ጫፍ ላይ አርኤንኤ እንዳለ ካሳዩት ሥራዎች መካከል አንዱም የዚያው ቤተ ሙከራ ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ ወደ 4.6 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥንድ ቤዞች አሉት። ቅጂው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሁለት ሹካዎች ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሹካ በሰከንድ 1000 ገደማ ቤዞች ስለሚያልፍ ሥራው 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የኦካዛኪ ቁርጥራጭ ርዝመት በባክቴሪያ ከ1000 እስከ 2000 ኑክሊዮታይድ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሹካ በየአንድ ወይም በየሁለት ሰከንዱ አዲስ ፕራይመር ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሙሉ ቅጂ ደግሞ ከ2300 እስከ 4600 ያህል። ቀዳሚው ክር በመርሕ ደረጃ አንድ መነሻ ይበቃዋል። የፕራይሜዝ የዕለት እንጀራ እንግዲህ ተከታዩ ክር ነው።

ፕራይሜዝ እንዴት ይሠራል?

የኢ. ኮላይ ፕራይሜዝ 581 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ዚንክ የያዘ ነው፤ አብነቱን በመለየት ይረዳል። መካከለኛው አርኤንኤውን የሚሠራው ነው። የመጨረሻው ዲኤንኤውን ከሚፈታው ሄሊኬዝ ጋር ይያያዛል።

ፕራይሜዝ በየትም ቦታ አይጀምርም። በአብነቱ ላይ ሳይቶሲን፣ ታይሚን፣ ጓኒን በዚህ ቅደም ተከተል የተሰለፉበትን ቦታ ይመርጣል። የሚጀምረው ከመካከለኛው ታይሚን ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ የፕራይመሩ የመጀመሪያ ፊደል አዴኒን፣ ሁለተኛው ጓኒን ይሆናል። ጓኒኑ ራሱ አይቀዳም፤ እንደ ምልክት ብቻ ያገለግላል። ሁለት ልቅ ኑክሊዮታይዶችን በአንድ ጊዜ ይዞ የመጀመሪያውን ትስስር መፍጠር ከሥራው ሁሉ ቀርፋፋው ደረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ፈጠን ብሎ ይቀጥልና ከ10 እስከ 12 ኑክሊዮታይድ ሲደርስ ያቆማል።

ልብ በሉ፤ ሦስት ፊደላት ያሉት ምልክት በአጋጣሚ ስሌት በየ64 ኑክሊዮታይዱ አንድ ጊዜ ይገኛል። ቁርጥራጮቹ ግን ከ1000 በላይ ርዝመት አላቸው። ስለዚህ ምልክቱ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ትእዛዝ አይሰጥም። ፕራይሜዝን ወደ ሥራ የሚያስገባው ከሄሊኬዝ ጋር መገናኘቱ ነው። ስድስት ፕሮቲኖች በቀለበት መልክ የተገጠሙበት ይህ ሄሊኬዝ ተከታዩ ክር የሚቀዳበትን አብነት በመካከሉ አሳልፎ ወደ ፊት ይገሰግሳል፤ ፕራይሜዞቹም በላዩ ላይ እየተያያዙ ይሠራሉ። ብቻውን የሆነ ፕራይሜዝ ሰነፍ ነው፤ ሄሊኬዙ ሲያገኘው ይተጋል። ከዚህም በላይ የአንዱ ፕራይሜዝ ዚንክ ያዥ ክፍል ከጎረቤቱ ሠሪ ክፍል ጋር ተባብሮ ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን እዚህም ቦታ አለው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ እንምጣ። ሄሊኬዝ በአብነቱ ላይ የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ፕራይሜዝ ደግሞ ፕራይመሩን የሚሠራው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ወደ ፊት በሚሮጥ ተሽከርካሪ ላይ ተሳፍሮ ወደ ኋላ እየጻፉ መሄድ እንደ ማለት ነው። እንዴት ይቻላል? በኢ. ኮላይ ፕራይሜዝና ሄሊኬዝ የሚያያዙት በላላ ግንኙነት ስለሆነ፣ ፕራይሜዙ ሥራውን ሲይዝ ከሄሊኬዙ ተላቅቆ ሊቀር ይችላል። ቲ 7 በተባለው ቫይረስ ግን ፕራይሜዝና ሄሊኬዝ አንድ ፕሮቲን ናቸው፤ መለያየት አይሆንላቸውም። በዚያ፣ በመካከል ያለው ክር እንደ ቀለበት ይታጠፋል፣ ወይም ማሽኑ ለአፍታ ይቆማል የሚሉ ማስረጃዎች ቀርበዋል። አንዱን መልስ ለሁሉም ሕይወት ማልበስ አይገባም።

ርክክቡና ጽዳቱ

ፕራይመሩ ካለቀ በኋላ ፕራይሜዝ ወዲያው ጥሎት አይሄድም። ባለ አንድ ክር ዲኤንኤን የሚሸፍነውን ፕሮቲን ተደግፎ በቦታው ይቆያል፤ ያልተረከቡት ዕቃ እንዳይጠፋ እንደሚጠብቅ ዘበኛ። ተረኛው ሲመጣ፣ ማለትም የፖሊመሬዙ አካል የሆነ አንድ ፕሮቲን ያንኑ ድጋፍ ሲይዝ፣ ፕራይሜዙ ቦታውን ይለቅቃል። በፕራይመሩ ላይ ቀለበት መሰል መያዣ ይገጠማል፤ ዋናው ፖሊመሬዝ፣ ፖሊመሬዝ ሦስት፣ መያዣውን ይዞ ሥራውን ይቀጥላል።

ቁርጥራጩ ሲያልቅ አርኤንኤው መነሣት አለበት። ይህን የሚሠራው በዋናነት ፖሊመሬዝ አንድ ነው፤ ያ በ1956 የተገኘው የመጀመሪያው ኢንዛይም። ከፊቱ ያለውን አርኤንኤ እየነቀለ በዲኤንኤ ይተካል። የቀረችውን ስንጥቅ ሊጌዝ ይዘጋል።

ይህንን ሁሉ ሳስብ የልብስ ሰፊ ሥራ ይታየኛል። ሰፊው ዋናውን ስፌት ከመምታቱ በፊት ጨርቁን በእጁ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጎ፣ ቀለሙ በተለየ ክር ለጊዜው ይይዘዋል። ስፌቱ ሲጠናቀቅ ያ ክር ይመዘዛል። ቀለሙ የተለየው በስሕተት ሳይመዘዝ እንዳይቀር ነው። አርኤንኤም እንዲሁ በሕዋሱ ዓይን ቀለሙ የተለየ ክር ነው። በአንድ ሙሉ ቅጂ ከ25 ሺህ እስከ 50 ሺህ የሚደርሱ ኑክሊዮታይዶች እንዲህ ገብተው ይወጣሉ።

ታዲያ ለምን አርኤንኤ?

አሁን ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ለፈተናው ጥያቄ ዛሬ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መልሶች አሉኝ።

የመጀመሪያው የጥቅም መልስ ነው። ፖሊመሬዝ ሦስት አንድ ኑክሊዮታይድ ከጨመረ በኋላ ጫፉ በትክክል መጣመሩን ይመረምራል፤ ካልተጣመረ ቆርጦ ይጥለዋል። ለዚህም ነው የስሕተቱ መጠን ከአሥር ሚሊዮን አንድ ገደማ የሚሆነው። ነገር ግን መመርመር የሚቻለው ከኋላ የተደላደለ ጥምረት ሲኖር ነው። የመጀመሪያዎቹ ኑክሊዮታይዶች ኋላ የላቸውም፤ ስለዚህ መነሻ በተፈጥሮው ለስሕተት የተጋለጠ ነው። የተጋለጠውን ክፍል በተለየ ቀለም ጽፎ ኋላ መሰረዝ ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው የአቅርቦት መልስ ነው። በሕዋስ ውስጥ የአርኤንኤ ኑክሊዮታይዶች ከዲኤንኤዎቹ እጅግ ይበዛሉ። ሁለት ልቅ ኑክሊዮታይዶችን በአንድ ጊዜ መያዝ ለሚኖርበት ኢንዛይም፣ በብዛት ያለውን መጠቀም ይቀላል።

ሦስተኛው የታሪክ መልስ ነው፤ የእርሷ መልስ። አርኤንኤ ከዲኤንኤ ቀድሞ የዘር መዝገብ ነበር የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ደጋፊዎች አሉት። ያ እውነት ከሆነ ፕራይመሩ የጥንቱ ዘመን ቅሪት ሊሆን ይችላል።

ማስረጃዎቹ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ አያዘነብሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሰው ሕዋስ ውስጥ ስለ መኖሩ የታተመው ፕሪምፖል የተባለ ኢንዛይም በዲኤንኤ ኑክሊዮታይዶችም ሰንሰለት መጀመር ይችላል። ስለዚህ በዲኤንኤ መጀመር በኬሚስትሪ ሕግ የተከለከለ አይደለም። በሌላ በኩል የባክቴሪያ ፕራይሜዝና የእኛ ፕራይሜዝ በሠሪ ክፍላቸው አወቃቀር ዝምድና የላቸውም፤ ሆኖም ሁለቱም በአርኤንኤ ይጀምራሉ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሠራተኞች አንድ ዓይነት መፍትሔ ላይ መድረሳቸው ከውርስ ይልቅ ለጥቅሙ ይመሰክራል። እኔ የማዘነብለው ጥቅሙና አቅርቦቱ ልማዱን አጽንተውታል ወደሚለው ነው፤ የመነሻው ታሪክ ግን ክፍት ነው።

ስለዚህ ተማሪዋ ትክክል ነበረች ለማለት አልደፍርም። አንድ ነገር ምን ይጠቅማል የሚለውና እንዴት ሊመጣ ቻለ የሚለው ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን እኔ ገና ሳልለይ እርሷ ለይታ ነበር።

ከቤተ ሙከራ ወደ ጤና ጣቢያ

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል?» ለሚል መልስ አለኝ። ሀገራችን የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው ሀገሮች ተርታ ናት። የሕክምናው ምሰሶ ሪፋምፒሲን ነው፤ ባሲሉ ደግሞ በአርኤንኤ ፖሊመሬዙ ዘረ መል ላይ በሚፈጠር ለውጥ ይቋቋመዋል። በሆስፒታሎቻችን ያለው ጂን ኤክስፐርት መሣሪያ በአክታ ውስጥ የሚፈልገው ይህንኑ ለውጥ ነው። በ1971 ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ባክቴሪያ ለሳይንቲስቶቹ ማስረጃ ነበር፤ ለሕመምተኛው ግን ረጅምና አድካሚ ሕክምና ማለት ነው።

ፕራይሜዝ ለባክቴሪያ ሕይወት የግድ አስፈላጊ ነው፤ ከእኛው ፕራይሜዝ ጋር አይመሳሰልም፤ ሪፋምፒሲንም አይነካውም። ለአዲስ መድኃኒት ከዚህ የተመቸ ዒላማ በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም እስከ ዛሬ ፕራይሜዝን ዒላማ አድርጎ በሕክምና ላይ የዋለ መድኃኒት የለም። በብልቃጥ ውስጥ ኢንዛይሙን የሚያግድ ውሕድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ በባክቴሪያው ግድግዳ ዘልቆ ሰውን ሳይጎዳ የሚሠራ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ባክቴሪያው ራሱ ግን ፕራይሜዙን ማቆም ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሲለስ ሰብቲሊስ በተባለው ባክቴሪያ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ባክቴሪያው ሲራብ ከጓኖሲን የሚሠራቸው የረሃብ ምልክት ሞለኪውሎች ፕራይሜዙን አግደው የዲኤንኤውን ቅጂ እንደሚገቱ አሳይቷል። እርሱ በክፉ ቀን የሚዘጋውን በር እኛ መዝጋት እንማር ይሆን? እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣቶች የምትመልሱት ጥያቄ ነው።

የዚያችን ተማሪ ውጤት ላርም ባሰብሁ ጊዜ ተመርቃ ሄዳ ነበር፤ ዜሮው በመዝገቡ ላይ እንዳለ ነው። ሕዋስ የመነሻውን ስሕተት መዝዞ ይጥላል፤ እኛ መምህራን ግን ሁልጊዜ አይሳካልንም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ፈተናውን መለወጥ ነው። ዛሬ ጥያቄው ሁለት ሆኗል፦ «የአርኤንኤ ፕራይመር ጥቅሙ ምንድን ነው?» እና «እንዴት ሊመጣ የቻለ ይመስላችኋል? ማስረጃችሁን አቅርቡ።» ለሁለተኛው ጥያቄ በማስታወሻዬ ላይ የተጻፈ መልስ የለም።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።